የየኔሰው ቀን

በዚያ ዓመት ሐምሌ ሳይጋመስ ርብ ወንዝ ሞላ። ጉማራም ተከተለ። ፎገራ ሜዳ ላይ የተዘራው ሩዝ ከውኃ በታች ሰነበተ። የተረፈ ዘር ያለው እንደገና ዘራ፤ ያንንም ነሐሴ ላይ ሁለተኛው ሙላት ወሰደው። ከብቱ ወደ ተረተሩ ተነድቶ ከፊሉ መንገድ ላይ ቀረ። ውኃው ሲሸሽ ወባ ገባ። ወረታ ጤና ጣቢያ አልጋ ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ ተኛ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ኢንተርኔቱ ግን ጨርሶ ጠፋ። የኔሰው በዚያው ወባ የሞተው በጳጉሜን ነው። ወደ ባሕር ዳር ሊወስዱት መኪና ለምነው አግኝተው ነበር፤ ሐሙሲት ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቶ ተመለሱ። ሲነጋ ሞተ። የተቀበረው በተወለደበት መንደር፣ ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ፣ ርብ ዳር ነው። መቃብሩ ሲቆፈር ውኃ አወጣ። ውኃውን በባልዲ እየቀዱ ቀበሩት።

ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ፣ የየኔሰው ሚስት እታለም በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል የአከራይዋን የገብረ ኪዳንን ድምፅ ሰማች። ገብረ ኪዳን ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈተጊያ አለው፤ እርሷ ከአራት ዓመት ልጇ ከዕንቁ ጋር የምትኖርበት ክፍል ከመፈተጊያው ጀርባ ተለጥፎ የተሠራ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ የገለባው ብናኝ በስንጥቁ እየገባ አልጋውም ላይ ላፕቶፑም ላይ ያርፋል። ስለዚህ ላፕቶፑን ጥለቱ በነተበ ነጠላ ሸፍና ታኖረዋለች። ያን ቀን ማለዳ ሞተሩ ገና አልተነሣም። ገብረ ኪዳን ከአንድ ሰው ጋር በስልክ ያወራ ነበር። «የሟቹ ሚስት ነገርማ አበቃ» ይላል። «ዛሬ ማታ ይዘጋባታል፤ ራሷ ናት ትናንት መጥታ የነገረችኝ። እኔ ለድረ ገጼ ባሕር ዳር ሌላ ልጅ ይዣለሁ። ክፍሉን? አዎ፣ ለገለባ ማከማቻ እፈልገዋለሁ። ኧረ በግድ አላስወጣትም፣ ሐዘንተኛ አይደለች እንዴ! ኪራዩን ስታጣ ራሷ ትወጣለች።» ከዚያ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ጉዳዩ ያለቀለት ሰው ሳቅ ነው። እታለም የዕንቁን ፀጉር እየጎነጎነች ነበር። እጇን አላቆመችም።

የኔሰው ይሠራ የነበረው ሥራ ለመንደሩ ሰው ለማስረዳት የሚከብድ ነው። ሰርቨር የሚሉት ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው፤ ያለውም ባሕር ማዶ ነው። የሰው ድረ ገጽ እዚያ ላይ ይኖራል። እርሱ የሁለት ሆቴሎችን፣ የአንድ ትምህርት ቤትን፣ የሩዝ ዘር አባዦችን ማኅበርና የገብረ ኪዳንን መፈተጊያ ድረ ገጽ ሠርቶ፣ ሁሉንም በአንድ የኪራይ ሰርቨር ላይ አኑሮ ይጠብቅ ነበር። ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩበት አንድ የውጭ አገር አገልግሎት አለ፤ በዚያ በኩል ገብቶ ያረጀውን ያድሳል፣ የወደቀውን ያስነሣል። እታለም ሥራውን አጠገቡ ተቀምጣ ለመደችው። የይፋግ ሸማኔ ልጅ ናት፤ ክር ሲበጠስ ፈልጎ መቋጠር ያደገችበት ነው። እርሱ ከሞተ በኋላ ደንበኞቹን «ኢንተርኔቱ ሲመለስ» እያለች አባብላ ያቆየችው እርሷ ናት። ከዚያ ሌላ የምትበላበት ሥራ የላትም።

ኢንተርኔቱ የተመለሰው ትናንት ነው። የተጠራቀመው ደብዳቤ አንድ ላይ ወረደ። ከአገልግሎቱ የመጣው «ደስ የሚል ዜና አለን» ብሎ ይጀምራል። ከእንግዲህ የድረ ገጾቹ ቅጂ በየሌሊቱ ማንም ሳይነካው ይቀመጣል፤ መታደስ ያለበት ራሱን ያድሳል፤ ሰርቨሩ ቢወድቅ ሰው ሳይቀሰቅሰው ይነሣል፤ ባለቤቱም የትም ሆኖ ከስልኩ ያየዋል። እታለም ይህን ስታነብ መጀመሪያ ያሰበችው የኔሰውን ነበር። ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር ከአልጋው ተነሥቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚቀመጠው እርሱ ነው። «አንድ ቀን ራሱን የሚያስነሣ ያደርጉታል፤ ያን ቀን እተኛለሁ» ይል ነበር። ከሁሉ በታች ስለ አዲሱ ቁልፍ ተጽፏል። የይለፍ ቃል ብቻውን አይበቃም። ባለቤቱ በተመዘገበው ስልክ የሚላክለትን ቁጥር አስገብቶ ማንነቱን ካላረጋገጠ መግቢያው ይዘጋል፤ ውስጡ ያለውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጠፋል። ቀነ ገደቡ ሦስት ጊዜ ተነግሯል። በእኛ ሰዓት ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

የተመዘገበው ስልክ የየኔሰው ትንሿ ባለ ቁልፍ ስልክ ናት። ትልቁ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ ትንሿ ግን የትም አትሄድም ብሎ የዚያችን ስልክ ቁጥር ሰጠ። ሲሞት በኪሱ ነበረች፤ ከአስከሬኑ ጋር መንደር ገባች፤ እዚያው ቀረች። እታለም በተዝካሩ ቀን ጠይቃ ነበር። የየኔሰው ታላቅ ወንድም ይርዳው «አፈሩ ሳይደርቅ ዕቃው ላይ መጣሽ?» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። የሟቹን ሲም እንደገና ለማውጣት የወራሽነት ማስረጃ አምጪ ተብላለች፤ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ጥር ነው።

ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ የምታነሣ ሉሊት የምትባል ጓደኛ አለቻት። ዕንቁንና ላፕቶፑን ይዛ ወደ እርሷ ተሻገረች።

«ስደውልልሽ እዚች ላይ ትጫኛለሽ፤ ቁጥሩ ወደ ስልኩ ይላካል። አነብልሻለሁ፣ ትጽፊያለሽ» አለች እታለም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ቁጥሩ ግን ዕድሜው ጥቂት ደቂቃ ነው።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? ሄደሽ ተቀበይና ለምሳ ትመለሻለሽ። የባልሽ ስልክ እኮ ነው፣ የመንግሥት ማኅተም አደረግሽው!»

እታለም ዕንቁንና ላፕቶፑን ለእርሷ ትታ፣ ፓወር ባንኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

ባጃጁ እስከ መንደሩ አልሄድም አለ። ድሮ ሃያ ብር የነበረውን መንገድ ሰማንያ ጠይቆ፣ በነዳጅ ምሎ፣ በመጨረሻም ጭቃው ከሚጀምርበት ድልድይ ላይ አወረዳት። የቀረውን በእግሯ ሄደች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ውኃ የተረፈው ሩዝ ወድቆ ተኝቷል፤ ሰዉ በየማሳው ጎንበስ ብሎ ያጭዳል። ጓያው ከታጨደው ሩዝ በቀረው አገዳ፣ በቆረኑ ሥር ገና እየበቀለ ነው። ከሐይቁ በኩል በኅዳር የማይጠበቅ ደመና ቆሟል። ሰው ሁሉ እያጨደ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደዚያ ያያል፤ ታጭዶ መሬት ላይ ያለ ሩዝ ዝናብ ከነካው ይበቅላል።

ይርዳው ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጡ ጨለማ ነው። የሙላቱ ምልክት በጭቃው ግድግዳ ላይ፣ ከመደቡ ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር ሆኖ ቀርቷል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ልስን ረግፎ ጭራሮው ይታያል። የእንጨቱ ሣጥን ከውኃ እንዲያመልጥ ሁለት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እስካሁን አላወረዱትም። የይርዳውና የየኔሰው እናት እማማ ገላነሽ መደቡ ላይ ተቀምጠው ለአጫጆች የሚሄደውን ቆሎ ያበጥሩ ነበር። ጠላው በጀሪካን ተቀድቶ በር ላይ ቆሟል። እታለም ጉልበታቸውን ሳመች። ስለ ዕንቁ ጠየቁ፤ ደኅና ናት አለች። ስለ ወረታ የዘይት ዋጋ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። «ወይ ጉድ» አሉ። አይጥ በጣራው ሳር ውስጥ ሲሄድ ይሰማል። እታለም ስለ ስልኩ ስታነሣ እማማ ገላነሽ ወንፊቱን አስቀምጠው እጃቸውን መቀነታቸው ላይ አደረጉ፤ ሆዱን ያመመው ሰው እንደሚያደርገው። «የሣጥኑ ቁልፍ ይርዳው አንገት ላይ ነው» አሉ። «ማሳ ነው ያለ። ዛሬ ወንፈሉ የእርሱ ተራ ነው።» ወንፊቱን መልሰው አነሡ።

እታለም ወደ ማሳው ስትወርድ ስለምን እንደማይሰጣት ታውቅ ነበር። ካቻምና የኔሰው ከአባቱ የደረሰችውን ቁራሽ መሬት ሩዝ ሊዘራባት ብሎ ለወንድሙ ነገረው፤ ይርዳው የወንፈል ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ በሬ ይዞ፣ ጭቃው ውስጥ ውሎ ዘራለት። ወንፈል የሠሩልህን ቀን በቀን የምትመልስበት ነው። የኔሰው «እመጣለሁ» አለ፤ ሰርቨር ወደቀ፣ ደንበኛ ጠራው፣ አልመጣም። ለጓደኞቹ የሚገባውን ቀን ይርዳው በወንድሙ ፈንታ እየዞረ ሠራላቸው። ለራሱ ለይርዳው የሚመለሰው አንድ ቀን ቀረ። በመጨረሻ የኔሰው አፍሮ የቀኑን ዋጋ በስልክ ገንዘብ አድርጎ ላከለት። አልጋው ላይ ተጋድሞ ቁጥሩን ሲነግራት የጫነችው እታለም ናት። የከተማ ሰው ለሆኑት ለእነርሱ ጥሩ አሳብ መስሏቸው ነበር። ይርዳው መልእክቱን በሰው አስነብቦ «ወንድሜ የቀን ሠራተኛ አደረገኝ» አለ አሉ። ገንዘቡን አልነካውም።

ማሳው ላይ አጫጆቹ በመስመር ተደርድረው ነበር። ይርዳው ዳር ላይ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከሐዘኑ ወዲህ ጢሙን ያልተላጨ። መምጣቷን አይቶ ማጭዱን አላቆመም። እርሷ በገለባው ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ነገረችው።

«ስልኩ ሣጥን ውስጥ ነው» አለ። «ቁልፉ ይኸው።» ከማተቡ ጋር ያሰረውን በጣቱ ነካ አደረገ። «ወንድሜ ቀን እንደያዘ ነው የተቀበረ። ቀኑ ሲገባ ስልኩ ይወጣል።»

«አያ ይርዳው፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ዋጋ የለውም። በሩ ይዘጋል። ሌላ አገር እንዳለ መሬት ይቁጠሩት፤ ተከራይተን የምናርሰው፣ የምንበላበት...»

«መሬትማ እዚህ ነበረው።»

ከመስመሩ መሐል ያሉት አባ ገብረማርያም ቀና አሉ፤ ወንፈሉን የሚመሩት እርሳቸው ናቸው። አዩአት፤ ነጭ ጫማዋንም አዩ። «ቀኑን ልትመልሺለት ትችያለሽ፤ ሚስቱ ነሽ» አሉ። «ግን ዐውቀሽ ግቢ ልጄ። ማሳው ቀድሞ ካለቀ ቀኑ ገባ ይባላል። ካላለቀ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። መሐል ላይ መስመር የለቀቀ ቀኑ አይቆጠርለትም።» እታለም ማሳውን በዓይኗ ለካችው። ከምሳ በኋላ ብዙ የሚቆይ አልመሰላትም። ጫማዋን አወለቀች።

«ሸማኔ ደሞ ሩዝ አጨደች!» አለች አጠገቧ ያለችው ትሩፋት የምትባል ሴት፣ ማጭድ እያቀበለቻት። «እንደ መወርወሪያ ወርውረሽ ሰው እንዳትወጊብን።» መስመሩ ሁሉ ሳቀ። እታለምም ሳቀች፤ ካልሳቀች ይብሳል። የሸማኔ ቤት ወንፈል ገብቶ አያውቅም። ማንም አይከለክለውም፣ ማንም አይጠራውም።

ሩዙ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያሰበችው ይሆን ነበር። ግን ሙላቱ አስተኝቶታል፤ አገዳው ከጭቃ ጋር ተጣብቆ አንድ በአንድ መነሣት አለበት። ዘለላው በግድ ከተጎተተ ፍሬው ይረግፋል። ቀድማ ያየችው ማሳ ከውስጡ ሲገቡበት ሌላ ሆነ። ወገቧ መጀመሪያ አቃጠላት፣ ከዚያ ጠዘጠዛት፣ ከዚያ የሰው ወገብ መሰላት። የሩዙ ቅጠል ክንዷን እየላገ አቀላው። መዳፏ ላይ ውኃ ቋጠረ፤ ፈረጠ፤ የማጭዱ እጀታ አዳለጣት። ትሩፋት የራሷን እየጨረሰች የእርሷን ጠርዝ አልፎ አልፎ ታግዛት ነበር፤ በደግነት ይሁን መስመሩ እንዳይጣመም ብላ እታለም አላወቀችም። ስልኳን ሁለት ጊዜ አውጥታ አየችው። ኔትዎርክ የለም። ሜዳው ላይ ኔትዎርክ የሚገኘው ወንዙን ለማገድ የተከመረው አፈር ላይ ሲወጡ ብቻ ነው።

ምሳውን እማማ ገላነሽ በራሳቸው ተሸክመው አመጡት። ሰዉ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ጠላው በሁለት ጣሳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ለእታለም ግን ትሩፋት ለብቻ በፕላስቲክ ኩባያ ቀዳችላት። ቀለሙ የወየበ ሰማያዊ ኩባያ ነው። ይርዳው ወደ ደመናው ዞሮ ይበላ ነበር። እታለም ጠጣች፤ ጠምቷት ነበር። እማማ ገላነሽ አንድ ጊዜ ኩባያውን አዩት፣ ከዚያ የሚበሉትን ረስተው እጃቸው እንደገና መቀነታቸው ላይ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የማሳው ሢሶ ገና አልተነካም። ደመናው አልቀረበም፤ አልሄደምም። አሥር ሰዓት ላይ እታለም ማሳው ቀድሞ እንደማያልቅ አወቀች። ነገሩ ግልጽ ሆኖ መጣላት፦ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከቆየች ቀኑ ይገባል፣ ቁልፉን ታገኛለች፣ በሩ ግን የዚያችኑ ሰዓት ይዘጋል። አሁን ጥላ ከሄደች ስልኩን አታገኝም፣ ያጨደችውም ለከንቱ ይሆናል። የሚመጣውን ሌላ ኑሮ ለማሰብ ሞከረች። ዕንቁን ይዛ ይፋግ አባቷ ቤት መመለስ። አባቷ ደግሞ ዓይኑ ደክሟል፤ የሚሸምነው ጋቢ ገዢ ካጣ ቆይቷል። የማኅበሩ ሰዎች በመጪው ሳምንት የዘር ትእዛዝ ሊቀበሉ ድረ ገጻቸውን ሲከፍቱ ባዶ ያገኙታል። ገብረ ኪዳን ገለባውን በክፍሏ ይከምራል። አጨደች። ሌላ የምታደርገው አልነበረም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «አያ ይርዳው» አለች፤ ቀና ሳትል። «በእናትዎ።»

ይርዳው አጨደ። ሰማ፤ ማጭዱ ለአንድ አፍታ ቆሞ ነበርና። ግን አጨደ።

እማማ ገላነሽ ከነዶው ክምር ሥር ተነሡ። በታጨደው ቆረን ላይ ባዶ እግራቸውን የሚረግጡትን ሳይመርጡ፣ ቀጥ ብለው መጡ። እታለም አጠገብ ቆመው መቀነታቸውን ፈቱ። ከሦስት ዙር በኋላ አንዲት በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር ወጣች። ጨርቁ የየኔሰው መሐረብ ነው።

«ሣጥኑ ባዶ ነው» አሉ፤ ለይርዳው ነው። «ቁልፉን ብቻ ነው እያንጠለጠልህ የዞርህ።»

ይርዳው ቀና አለ። ጣቱ ወደ ቁልፉ ሄደ። መስመሩ ሁሉ ቆመ።

እታለም የየኔሰውን ስልክ ተቀብላ አሮጊቷን አየቻቸው። ትንሿ ስልክ ቀኑን ሙሉ መቀነታቸው ውስጥ ነበረች። ጠዋት ቤት፣ ምሳ ላይ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። «እማማ» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ንዴትም እንደ ልቅሶም ሆነ። «ጠዋት ቢሰጡኝ ምን ነበረበት?»

«ጠዋት ብሰጥሽ ትሄጂ ነበር» አሉ እማማ ገላነሽ። «የልጄ ቀን እንደያዘው ይቀር ነበር።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ማጭዱን አምጪ። ሂጂ።»

«እማማ ገላነሽ፣ መስመር ከለቀቀችማ...» አለች ትሩፋት።

«እተካታለሁ።»

«እርስዎ የይርዳው ቤት አይደሉ እንዴ? ለይርዳው የሚመለሰውን ቀን የይርዳው ቤት ሊሠራው ነው?»

«እኔ የሁለቱንም ሆድ ተሸክሜያለሁ። ዛሬ የየኔሰው ቤት ነኝ። እርሷም የየኔሰው ቤት ናት። ከአንድ ቤት የወጣ ሰው ይተካል፤ አይተካም የሚል ካለ ይናገር።»

አባ ገብረማርያም ማጭዳቸውን በነዶው ላይ ጠረጉ። ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። «ከአንድ ቤት ናቸው» አሉ። «ይተካል።» ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። ሌላውም ጀመረ። እማማ ገላነሽ ደም የነካውን እጀታ በቀሚሳቸው ጠርገው የእታለምን መስመር ያዙ።

እታለም ሮጠች። ባዶ እግሯን ነው፤ ቆረኑ ይወጋታል። የአፈሩን ክምር በእጅና በእግር ወጣች። ፓወር ባንኩን ትንሿ ስልክ ላይ ሰክታ ማብሪያዋን ተጭና ያዘች። ስልኳ ረጅም ጊዜ ጥቁር ሆና ቆየች፤ ከዚያ በራች። ሲሙ ሦስት ወር ካልተነሣ ይዘጋል ይላሉ፤ ሦስት ወር ሊሆነው ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ምልክቱ አንድ፣ ከዚያ ሁለት ሆነ። ጠበቀች። አንድም መልእክት አልመጣም። ለሞተ ሰው የሚደውል ቶሎ ያልቃል። በራሷ ስልክ ሉሊት ጋ ደወለች።

«የት ሞተሽ ነው አንቺ! መብራት ጠፍቶ የላፕቶፑ ባትሪ ቀይ እያሳየ...»

«ተጫኚው።»

«ተጫንሁ።»

ከታች ርብ በዝግታ ይሄዳል፤ ቀለሙ ጭቃ ነው። ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ከደመናው ሥር ወጥታ ቀልታ ታየች። ትንሿ ስልክ ዝም አለች። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቁጥር አንዳንዴ ይዘገያል፤ አንዳንዴም አይመጣም። «መጣ?» አለች ሉሊት። «አልመጣም።» «መጣ?» «አልመጣም። እንደገና ተጫኚ።» ዕንቁ ከሉሊት ጎን ስትለፋደድ ይሰማል። እታለም ትንሿን ስልክ ወደ ላይ አነሣቻት። ያን ጊዜ በመዳፏ ውስጥ አንድ ጊዜ ነዘረች።

አነበበች። ሉሊት እየደገመች ጻፈች። ከዚያ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ እታለም መስመሩ የተቋረጠ መሰላት።

«ተከፈተ» አለች ሉሊት። «ተከፈተ እታለም! ሌላ መልክ ነው ያለው፣ ሁሉ ነገር ተቀይሯል። እዚህ ላይ... ‹እንኳን ደኅና መጣህ የኔሰው› ይላል።»

እታለም አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ሉሊትም ገባት። ቆይታ፣ በቀስታ፣ «ቁጥሩን ወደ አንቺ ልለውጠው?» አለች። «ደግሞ የሁለተኛ ሰው ቁጥር ይፈልጋል። አንቺ ከጠፋሽ የሚጠየቅ፣ የምታምኚው ሰው ይላል። ቶሎ በዪ፣ ሊጠፋብኝ ነው።»

ከክምሩ ላይ ማሳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስመሩ ወደ ዳር ተጠግቷል፤ ከመሐሉ አንዲት ትንሽ ነጭ ጀርባ ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርታ ታጭዳለች። ከጎኗ ረጅሙ ሰው የራሱን ትቶ የእርሷን መስመር ከፊት ለፊት እያጨደ ይመጣላታል። እታለም ቁጥሩን በቃሏ ታውቀው ነበር። የቀኑን ዋጋ ለይርዳው የላከችበት ቁጥር ነው። ፊተኛውን ወደ እኔ ለውጪው ብላ፣ ይህኛውን ለሉሊት ነገረቻት።

ስትመለስ ፀሐይዋ ጠርዟ ብቻ ቀርቶ ነበር። እማማ ገላነሽ የመጨረሻዋን እፍኝ አጭደው ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። እታለም ትንሿን ስልክ በመሐረቡ ጠቅልላ መልሳ ሰጠቻቸው፤ እንደ ድሮው መቀነታቸው ውስጥ አስገቧት። ስለ በሩ ማንም አልጠየቃትም። አባ ገብረማርያም ወደ ሐይቁ እያዩ ጠበቁ፤ ጠርዟ ስትጠልቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የየኔሰው ቀን ገባ» አሉ።

«ገባ» አሉ አጫጆቹ፣ ተራ ሲደርሳቸው፣ አንድ በአንድ። «ገባ» አለች ትሩፋት፤ መሬት መሬት እያየች።

«ገባ» ሳይል የቀረ ይርዳው ብቻ ነበር። ወደ ጀሪካኑ ሄደ። ሰማያዊው ኩባያ ከላዩ ተደፍቶ ነበር፤ አንሥቶ ወደ ጎን አደረገው። በራሱ ጣሳ ቀዳ፣ ግማሹን ጠጣ፣ የቀረውን ለእታለም በሁለት እጁ ሰጣት። እጇ ስለቆሰለ እስክትይዘው ድረስ አልለቀቀውም።

«ገባ» አለ። «አፈሩን ያቅልልለት።»